ሦስት ብር ከሃምሳ የቦምቦሊኖ ዕዳ

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንድ ታላቅ ዓሊም ወይም ስለ አንድ ታሪካዊ መስጊድ አይደለም። ስለ አንድ ቦምቦሊኖ ቤት ነው። «ደግሞ ስለ ቦምቦሊኖ ምን ይጻፋል?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም ብዕራችንን ስናነሳ ይህንኑ ራሳችንን ጠይቀን ነበር። ነገር ግን ቤቱ ሳይዘጋ ደርሰን ያየነውና የሰማነው በሆዳችን ሊቀር አልቻለም።

ጊዜው የካቲት 2016 ነው። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ተጀምሮ በፒያሳና በዙሪያዋ የነበሩ አሮጌ መንደሮች ይፈርሱ ነበር። እንደ ዶሮ ማነቂያ ያሉ፣ ስማቸው ከከተማዋ ጋር ያረጀ ሰፈሮች ነዋሪዎች ዕቃቸውን በአይሱዙ እየጫኑ ይወጣሉ። አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ የልጅነት ጓደኛችን ስልክ ደወለልን። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ «እማማ ቅዳሜ ሊዘጉ ነው» አለን። «የትኛዋ እማማ?» ብለን አልጠየቅንም። በፒያሳው ኑር መስጊድ፣ ሕዝቡ በኒ መስጊድ በሚለው አካባቢ ላደግን ልጆች፣ ስም ሳይጠራ የሚታወቁት እማማ አንዲት ብቻ ናቸው። (ስማቸውን እንዳናወጣ አደራ ስላሉን በዚህ ጽሑፍም «እማማ» እያልን እንቀጥላለን።)

ቅዳሜ የካቲት 30 ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቆይቶ፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ የ1445 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን ገባ። የዚያ ዓመት ነገር ልዩ ነበር፤ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ዐቢይ ጾም፣ ሁዳዴም፣ የገባው በዚያው ሰኞ ነው። ለሌላው ሰው ይህ የቀን መቁጠሪያ መግጠም ነው። ለእማማ ግን ትልቅ ገበያ ነበር፤ ያውም ቤቱ በተዘጋ በሁለተኛው ቀን!

የመጨረሻው ሳምንት

ሐሙስ የካቲት 28 ቀን ሱብሒን ከሰገድን በኋላ ወደዚያው አቀናን። መምህራን ነንና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይደወል መመለስ ነበረብን። በጠባቧ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ግማሾቹ ጣሪያቸው ተነሥቷል። የአንዱ ቤት በር ከነመቃኑ ቆሞ ግድግዳው የለም። እንደዚህ ባለው ፍርስራሽ መካከል የዘይትና የሄል ሽታ አፍንጫችንን ሲመታው፣ አንባቢያን ሆይ፣ ከሠላሳ በላይ የሆነው ዕድሜያችን ድንገት ወደ ዘጠኝ ወረደ።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። ሦስት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በጓሮ በኩል የከሰል ምድጃ፣ በምድጃው ላይ ሰፊ የብረት መጥበሻ። ያን ዕለት ሰው ሞልቶ አንዳንዱ ብርጭቆውን ይዞ ውጭ ቆሟል። ከቦሌ የመጣ አለ፤ ከአየር ጤና የመጣ አለ። አንዲት እህት ልጇን አዝላ «እኔን ያሳደገኝ ይሄ ነው» እያለች ለሕፃኑ ቁራሽ ታጎርሰዋለች። የሕፃኑ ጥርስ ገና ሁለት ነበር።

እማማ በዕድሜ ወደ ሰባዎቹ ገብተዋል። ሰላምታችንን ተቀበሉና ፊታችንን ትኩር ብለው ካዩን በኋላ፣ «የሸኹ ልጆች ናችሁ» አሉ። ሃያ ዓመት ያለፈው ሰው መሆናችን ምንም አላስቸገራቸውም።

«እስኪ አሠራሩን ንገሩን» ስንል ሳቁ። ሆኖም እጃቸው ሥራውን ሳያቋርጥ አጫወቱን። ሊጡን የሚያቦኩት ከዒሻ በኋላ ነው። የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ስኳር፣ ጥቂት ጨው፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ዘይትና የተወቀጠ ሄል። ከዚህ ሌላ የለበትም። ሌሊቱን ተሸፍኖ ያድራል፤ የአዲስ አበባ ብርድ ሊጡ በዝግታ ኩፍ እንዲል ያደርገዋል፤ በዝግታ የነፋ ሊጥ ደግሞ ጣዕም አለው። ከሱብሒ በኋላ በጠርሙስ ይዳምጡታል። በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክቡን ይቆርጣሉ፤ መሐሉን በመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ይበሱታል። ከመሐል የወጣችውን ትንሽ ሊጥ እኛ ልጆች «ፍሬ» እንላት ነበር። ፍሬ አትሸጥም። የዕለት ትምህርቱን በቃሉ የወጣ የቁርአን ቤት ልጅ መጥቶ ያነበንባል፣ እማማ መጥበሻቸው ላይ አጎንብሰው ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ፍሬ በወረቀት ይጠቀለልለታል። ሱረቱል ሙልክን በቃላችን የያዝነው በሸኻችን አለንጋ ነው ወይስ በእማማ ፍሬ? እስከ ዛሬ ቆርጠን መናገር አንችልም።

«እንቁላልና ወተት ለምን አይገባበትም?» ብለን ጠየቅን። ስለ ዋጋው ያወራሉ ብለን ነበር። «ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ጎረቤት አለኝ። ሁዳዴ አለ። ፍልሰታ አለ። ታዲያ ለእስላሙ አንድ ሊጥ፣ ለክርስቲያኑ አንድ ሊጥ ላቡካ?» አሉን። በረመዳን ከዐስር በኋላ ለኢፍጣር ይጠበሳል፣ በሁዳዴ ከቀትር በኋላ ጾመኛው ይመጣል። ሊጡ አንድ ነው።

የሒሳብ መምህር ነንና አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በሊጡ ውስጥ ያለው እርጥበትም በዚሁ ሙቀት እየተነነ ያልቃል፤ ስለዚህ ውስጡ የሚበስለው በዝግታ ነው። ዘይቱ ቆላ ላይ እንደሚደረገው ከጋለ ውጩ ይጠቁርና ልቡ ጥሬ ይቀራል። እማማ ይህን ከማንም አልተማሩም። የሊጥ ቁራጭ ዘይቱ ውስጥ ጣል ያደርጋሉ፤ ከሥር ተኝታ ከቀረች ገና ነው፣ ወዲያው ከቀላች ከሰሉን በመቆስቆሻ ገለል ያደርጋሉ። ተንሳፍፋ አረፋ እየተፋች በዝግታ ስትቀላ «ቢስሚላህ» ብለው ይጀምራሉ።

የቦምቦሊኖ ስም የጣሊያን መሆኑ ያስታውቃል፤ እነሱ «ቦምቦሎኒ» ይሉታል። ከ1928 እስከ 1933 በቆየው ወረራ ጊዜ ትልቁን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ያዛወሩትም ጣሊያኖች ናቸው። እማማ ግን ሙያውን የለመዱት ከጣሊያን አይደለም። በ1963 ከወሎ ሐይቅ አካባቢ በልጅነታቸው መጥተው የተቀጠሩት በአንድ ዐረብ ቤት ነው። ወጣት አንባቢዎቻችን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ያኔ በየሰፈሩ የየመን ሰዎች ትንንሽ ሱቆች ነበሯቸው፣ ሕዝቡም «ዐረብ ቤት» ይላቸው ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። የእማማም አሠሪዎች ሲሄዱ ሦስት ነገር ትተውላቸዋል፤ መጥበሻውን፣ ባለቀዳዳውን ጭልፋና አንድ የአደራ ቃል። የአደራውን ቃል ምንነት ስንጠይቃቸው፣ «የተራበ ልጅ ሳንቲም የለኝም ካለ አትመልሺው፣ ግን ጻፊበት» የሚል ነው አሉን። እማማ ግን ፊደል አልቆጠሩም። ታዲያ በምን ይጻፉ?

የበሩ ጀርባ

በሩን ሲዘጉት ከጀርባው የሚታየው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በከሰል ጭረት ተሞልቷል። ለእያንዳንዱ ዱበኛ አንድ ምልክት አለው። ለመኪና ጠባቂው ፊሽካ፣ ለልብስ ሰፊው መቀስ፣ ለሊስትሮው ብሩሽ። ከምልክቱ ሥር ጭረት ይከተላል፤ ቆሞ የተጫረው ቦምቦሊኖ ነው፣ ተኝቶ የተጫረው ሻይ ነው። ሲከፈል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ቤቱ በየዓመቱ ለዒድ ኖራ ይቀባል፤ ይህ ግድግዳ ግን ተነክቶ አያውቅም። ምክንያቱን ስንጠይቅ የሰጡን መልስ አጭር ነው፦ «ዕዳ አይለሰንም።»

በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አያ ስለ ዕዳ የሚናገረው ነው፤ ሱረቱል በቀራህ፣ ቁጥር 282። ዕዳ ትንሽም ሆነ ትልቅ እንዲጻፍ፣ ምስክርም እንዲቆምበት ያዛል። መድረሳ ተቀምጠን ይህን አያ ስንማር ስለ ነጋዴዎችና ስለ ግመል ጭነት ነበር የሚመስለን። ከእግራችን ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ በከሰል ሲፈጸም እንደነበር አላስተዋልንም።

አሁን ደግሞ ግድግዳው ሊፈርስ ነው። ወሬው በሰፈሩ ልጆች ዘንድ ከስልክ ስልክ የዞረውም በዚሁ ነው፤ ቦምቦሊኖ ለመሰናበት ብቻ አይደለም ሰው የመጣው። እኛ በነበርንባት አንድ ሰዓት ውስጥ እንኳ አምስት ሰዎች ከበሩ ጀርባ ገብተው ምልክታቸውን ሲፈልጉ አይተናል። አንዱ ሃያ ዓመት የማይሞላው ወጣት ነው። አባቱ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በሰፈሩ የሚታወቁ አናጢ ነበሩ። ወጣቱ መዶሻ ፈልጎ ፈልጎ አገኘው፤ ከሥሩ ዘጠኝ የተኛ፣ አራት የቆመ።

«እማማ፣ የአባዬ ነው?»

«የሱ ነው፤ ግን አውፍ ብዬዋለሁ። የሞተ ዕለት ነው አውፍ ያልኩት።»

«ታዲያ ለምን አልጠረጉትም?»

እማማ ለጊዜው መልስ አልሰጡም። ጭልፋቸውን ዘይቱ ላይ እያንጠፈጠፉ ቆዩና፣ «ስጠርገው የሄደ ይመስለኛል» አሉ።

ወጣቱ ግን አውፍታውን አልተቀበለም፤ ከፈለ። የሟች ዕዳ ከውርስ ክፍፍል በፊት እንደሚቀድም፣ ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ) ሁለት ዲናር ዕዳ ባለበት ሟች ላይ አቡ ቀታዳህ ዕዳውን እስኪሸከሙለት ድረስ አልሰግድም ማለታቸውን እናውቃለን። ከክፍል ውስጥ ይልቅ በዚያች ጠባብ ቤት ግን ትምህርቱ ከበደን። ወጣቱ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲሰጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበርና።

የእኛስ?

አሁን የራሳችንን ገመና እናውጣ። ከበሩ ጀርባ ስንገባ ያየነው ከጉልበት ከፍ ብሎ የተሣለ አንድ ትንሽ ለውሕ ነው፤ አንዱ ማዕዘኑ የተሸረፈ። የእኛ ለውሕ ነው! ከመድረሳ ስንመለስ ስንደባደብበት የሰበርነው። ከሥሩ 14 ጭረት ቆሟል። ከዚያ ሰፈር ለቀን የሄድነው አባታችን ሥራ በተቀየሩበት ዓመት ነው፣ ዕዳው እንዳለብን ግን ረስተን አልነበረም። እውነቱን እንናገር፤ አልረሳንም። መጀመሪያ ሳንቲም አልነበረንም፣ ቀጥሎ ጊዜ አልነበረንም፣ በመጨረሻ ደግሞ ሐፍረት ያዘን። ደመወዝተኛ ሆነን ሳለ ፒያሳ ስንደርስ መንገድ የቀየርንባቸው ቀናት ነበሩ። አሥራ አራት ቦምቦሊኖ ሰውን መንገድ ያስቀይራል ብሎ ማን ያምናል?

ስንት እንክፈል? በእኛ ልጅነት አንዱ 25 ሳንቲም ነበር። 14 ሲባዛ በ25፣ 3 ብር ከ50 ሳንቲም። በዚያ ሐሙስ ግን አንዱ ቦምቦሊኖ 15 ብር ሆኗል፤ 14ቱ 210 ብር ማለት ነው። በውስጣችን ያለው መድረሳና በውስጣችን ያለው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተፋጠጡ። ፉቀሃዎቹ በአብዛኛው ዕዳ በተዋዋሉበት ገንዘብ ቁጥሩ ልክ ይመለሳል ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም የወሰነው ይህንኑ ነው። በአንጻሩ የኢማሙ አቡ ሐኒፋ ተማሪ አቡ ዩሱፍ የመዳብ ሳንቲም ዋጋ ሲለዋወጥ ዋጋው ይታሰብ ብለዋል። የሒሳብ መምህሩ ደግሞ፣ «በ3 ብር ከ50 ዛሬ አንድ ፍሬ እንኳ አይገዛም፤ ይህ መክፈል ነው ወይስ መቀለድ?» ይላል። ጉዳዩን ለባለቤቷ አቀረብነው።

እማማ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው፣ «ያን ጊዜ ስንት ነበር?» አሉ።

«25 ሳንቲም።»

«ታዲያ ስንት መጣ?»

«3 ብር ከ50።»

«አምጣ!»

ኪሳችንን ፈተሽን። የመቶ ብር ኖቶች አሉ። ከታክሲ የተመለሱ ሦስት የአንድ ብር ሳንቲሞችም አሉ። 50 ሳንቲም ግን ከየት ይምጣ? «አራት ብር ያድርጉት» ብንል፣ «አላደርግም፣ የኔ ያልሆነ ሃምሳ ሳንቲም ይዤ የት ልሂድ?» አሉ። ቤቱ በሙሉ ኪሱን መፈተሽ ጀመረ። በመጨረሻ ጥግ ላይ ሻያቸውን የሚጠጡ አንድ አባት ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ጥቁር የሆነች ሃምሳ ሳንቲም አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አንከባለሏት። «ይኸው፣ አሁን ደግሞ የእኔ ባለዕዳ ሆናችኋል» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወዲያው «ሀዲያ ነው፣ ሀዲያ ነው» አሉን እንጂ እኛስ ልባችን ደንግጦ ነበር።

እማማ ጨርቁን ነክረው ራሳቸው ጠረጉት። ከለውሑ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና እሱን ተዉት፤ ጭረቶቹ ብቻ ጠፉ። ከዚያ በኋላ 210 ብር አውጥተን ዘረጋን። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) በብድር የወሰዱትን ወጣት ግመል ከእርሱ በተሻለ ግመል መመለሳቸውን እናውቃለንና። አስቀድሞ ቃል ያልተገባበት ጭማሪ ወለድ አይደለም። እማማ እጃቸውን ሳይዘረጉ ጠየቁን፦ «ዕዳ ነው ሀዲያ?»

«ሀዲያ።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ» አሉና ተቀበሉ። ወዲያውም 14 ቦምቦሊኖ በላስቲክ ሞልተው ለአንድ ልጅ አሸክመው ወደ ቁርአን ቤቱ ላኩት። ለእኛ የደረሰን በጋዜጣ የተጠቀለለ ፍሬ ነው። ሱረቱል ሙልክን ሳያስነብቡን ግን አልሰጡንም። በሰው ሁሉ ፊት! ሁለት ቦታ ተሳሳትን፣ ሁለቱንም ያረሙን እሳቸው ናቸው። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም አሥር ደቂቃ ዘገየን።

በረመዳን አሥረኛው ምሽት ከተራዊሕ በኋላ ደወልንላቸው። ከከተማው ዳር አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ገብተዋል። ጉልበታቸው ደረጃውን አልወደደውም። ከሰል ማቀጣጠል ስለማይመች በኤሌክትሪክ ምድጃ ለቤታቸው ያህል ጠብሰው ነበር፤ ሙቀቱን ገና አለመዱትም፣ የመጀመሪያው ዙር ጠቁሮባቸዋል። ሁለተኛው ሲጠበስ ሽታው በደረጃው ወርዶ የማያውቋቸው ሦስት ልጆች በሩን አንኳኩ። አንደኛው ሳንቲም እንደሌለው ተናገረ።

«ታዲያ ምን አደረጉ?» አልናቸው።

«ሰጠሁት እንጂ! ግን ግድግዳው አዲስ ቀለም ነው፣ ከሰል ላስነካው አልደፈርኩም። ከምትመጣ ደብተር ይዘህልኝ ና።»

በእሑዱ ባለ 50 ገጽ ደብተርና ሁለት እርሳስ ይዘን ሄድን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እማማ ራሳቸው አንድ ኳስ ሣሉ፤ ከሥሩ አንድ ጭረት አቆሙ።